ስድስተኛው ከረጢት

የቤቴ ወለል ዋልካ ነው፤ በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል፤
የአልጋዬን አንድ እግር ሐምሌ ላይ ይውጣል፣
ጥር ላይ ይተፋል።
"ሕይወት ያለው አፈር" ይለው ነበር ይርሳው፣
ሲደለድለው፣ ሲረግጠው፣ ደግሞም ሲረሳው።

ግንበኛው መጣ፤ በእርምጃው ለካ፤
የጠራው ዋጋ ከወለሉ አልፎ ጣራዬን ነካ።
"እኔው አቦካዋለሁ" ብለው ሳቀ፤
"እትዬ፣ ይህ ሊጥ አይደለም" ብሎኝ ራቀ።
አምባዛ ገፍፌ፣ ቀረሶ ፍቄ ከወደቡ ዳር፣
በቆርቆሮ ያኖርኳት ብር
አምስት ከረጢት ገዛች። ስድስተኛው ቀድሞም አልጋ ሥር ነበር።

ወረቀቱ ላይ "ሃምሳ ኪሎ" ይላል።
ይዋሻል።
ከጋሪው እስከ በሩ እውነት ነው፣ ሃምሳ፤
ከበሩ እስከ ጓዳ ግን የሰው ሬሳ።
እጅ የለው፣ ጆሮ የለው፣ በምን ይያዛል?
እንደ ሰከረ ባል ብብቴ ሥር ገብቶ ወደ ታች ይጓዛል።

ውሃ የምትመጣው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤
ጣና ደጄ ተኝቶ፣ እኔ ቧንቧ ሥር እንቅልፍ የማጣው።
ከዓባይ በኩል ጉማሬ ያናፋል፣ ጠግቦ፣ ውሃ ውስጥ ተዘርግቶ።
ቀናሁበት።

አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፤
የእንጉዳይ ልጅ ልየው ነው የሚቆጥር፤
ሒሳብ የወደቀ ልጅ፣ ጣቱን አጥፎ፣
አንዱን ባሬላ ሁለቴ ጠርቶ፣ አንዱን ዘልሎ አልፎ።
መሐሉን እንደ ጉድጓድ ከፈትን፣ ውሃ አፈሰስን፤
ግራጫው ዋጠው፤ ደገምን፤
ጠርዙ ተደረመሰና አመለጠን፣
ወደ እንጉዳይ አጥር ሮጠ፣ በአካፋ ከበብን፣
በደረታችን ልንገድበው ምንም አልቀረን።
እንጉዳይ ባጥሩ ብቅ ብላ "ውሃ ቢወቅጡት" አለች፤
"እምቦጭ" የሚለውን ሳትጨርስ ሳቋ ቀደማት፣ ገባች።
እምቦጭማ ሐይቁን እየበላው ነው፤
የእኔ ጉዳይ ከወለሌ ጋር ነው።

መገልበጥ፣ ወዲያ። መገልበጥ፣ ወዲህ።
ጠጠር አካፋውን ሲነክስ ጥርሴ ውስጥ ይሰማኛል።
በሦስተኛው ከረጢት መዳፌ አበጠ፤
በአራተኛው ፈነዳ፤ ዱቄቱ ገብቶ ቆረጠ።
የዓሣ እሾህ አውቃለሁ፤ የቢላ ስለት አውቃለሁ፤
እነሱ ወዲያው ይጮኻሉ፤ ደምቼ እገላገላለሁ።
ይህ ግን ዝም ብሎ ይበላል፣
ስሙን የሚናገረው ሌሊት ነው፣ ሰፈር ሲተኛ።

ማስተካከያችን የተሰበረ መቅዘፊያ፤
ልየው በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ፣
ተንበርክከን፣ ወደ ኋላ እያፈገፈግን፣
ከገዛ ቤቴ ተባረርኩ፣ ስንዝር በስንዝር፣ እስከ ደጃፍ።

አምስቱ አለቀ። የበሩ ጥግ ቀረ።
ስድስተኛው ይርሳው የገዛው ነው፣
"ከፋሲካ በኋላ" እያለ ሁለት ፋሲካ ያሳለፈው፤
ሦስተኛው ሳይመጣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ፣
ስልኩ መጀመሪያ እየጠራ፣ በኋላ መጥራትም ከብዶ።
ጠዋት ከአልጋው ሥር ሳወጣው አልነቃነቅ ብሎኝ ነበር፤
የወገቤ መስሎኝ።
ልየው ስፌቱን በዓሣ ቢላ ቀደደ።

ድንጋይ።

የሐይቁ ትንፋሽ በአራት ክረምት በወረቀቱ ሰርጎ፣
ያለ አሸዋ፣ ያለ ላብ፣ እኔ ከላዩ ስተኛ ድንጋይ አድርጎ
አስቀመጠው።
እጥፋቱ፣ ስፌቱ፣ ሁሉም ላዩ ላይ ተቀርጿል፤
በአንድ ጎኑ አራት ጎድጓዳ፣ ጣት ያህል።
"የይርሳው ጣቶች ናቸው፣ ሲያወርደው" አልኩ።
ልየው ጎንበስ ብሎ አየና "አይጥ ነው" አለ።

ሰባት ቀን ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁት፤
ምንም የማይበቅልበትን መደብ እንደ ጎመን ጠበቅኩት።
በስምንተኛው ድንጋዩን ገፍተን ከበሩ ጥግ አቆምነው።
አልገጠመም።
አንድ ስንዝር ዋልካ ተረፈ፤
በዚያች ስንዝር ቀና ብሎ ያየኛል።
ማታ ማታ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ
መዳፌን ዘይት እቀባለሁ።
ሐምሌ ይምጣና እንተያያለን።