ወፊቱ የት ሄደች?

አራት ነን፤ ለጊዜው ስማችን «ደንገል» ነው፣
ለጊዜው ማለቴ፣ ከበሮ መቺያችን አንማው
በወር በወር አዲስ ስም ስለሚያመጣ ነው።
የምንለማመደው ሽምብጥ ነው፣ ብየዳ ቤት፣
ብረቱ ሲበርድ፣ ከአሥራ ሁለት
እስከ ሦስት ሰዓት፤
ከዚያ ወዲያ እትዬ ደብሬ በሩን ይመታሉ፣
«ልጆቼ፣ ዶሮዎቹ እኮ እንቁላል ተዉ» ይላሉ።

አሳታሚ የለንም። አንድ ጊዜ ሞክረን፣
አዲስ አበባ ወጥተን፣ ሁለት ቀን ደጅ ጠንተን፣
ሰውየው ሰማና፣ ስልኩን እየነካካ፣
«ድምፅስ አላችሁ» አለ፤ «ተከታያችሁ ስንት ነው?
መቶ ሺህ ሲሞላ ብቅ በሉ፣ ያኔ ሌላ ነው።»

ስንመለስ አባይ በረሃ ላይ ጎማ ፈነዳ፤
ይኼነው ከቋጥኝ ጥላ ሥር፣ በዚያ ፍዳ፣
ገጽ ከፈተልን።
አንደኛዋ ተከታይ እህቱ ፀዳለች፣
ሁለተኛው እኔው፣ በሌላ ስልክ፣ በሐሰት ስም፤
ጎማው ተቀይሮ እስክንነሳ ከሁለት አልዘለልንም።

ቀረጻው በማለዳ፣ አሣ በሚወርድበት ዳር፤
ትርንጎ ፊቷን ለውሃው ሰጥታ ስትጀምር፣
«መጣሁ ብሎ ቀረ፣ መጣሁ ብሎ ቀረ»፣
የእኔ ቤዝ ከሥሯ እንደ ጀልባ ሞተር እያጉረመረመ፣
ልክ አዝማቹ ላይ፣ ድምጿን በለቀቀችው ጊዜ፣
አንድ ሻላ መጣ። እንደ ሰርግ ቤት ሚዜ
ደረቱን ነፍቶ፣ ሳይቸኩል፣ በመሃላችን አልፎ
ከአሥጋሪው ባልዲ አንድ ቆሮሶ ዘርፎ
ዋጠና ሄደ።
ካሜራው አልቆመም።

በነጋው አርባ ሺህ! አንማው እያለቀሰ ደወለ።
ከፈትኩት። ከሥሩ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦
«ወፊቱ የት ሄደች?»
«ለሻላው ሽልማት!»
«ዘፈኑን ቀንሱልን፣ ወፉን ረበሸው።»
አንድ ሰው ብቻ፣ ስሙን ያልገለጸ፣
«ቀረ የምትለዋ አባቴን አስታወሰችኝ» ብሎ ጻፈ።
እሷን ፎቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ።

እምቦጭን ታውቁታላችሁ። አበባው ሐምራዊ ነው፤
ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሐይቁ የተዳረ ነው የሚመስለው።
አንድ ሌሊት ተኝተህ ስትነቃ ዳሩን ሁሉ ይዞታል፤
ታንኳ ይዘህ ግባበት፣ ያኔ ይገባሃል።
አርባ ሺህ ሰው አይቶን የጠራን አንድ ሆቴል ነው፣
እሱም መጀመሪያ የጠየቀው
«ወፏን ይዛችሁ ትመጣላችሁ?» ብሎ ነው።

ከዚያ መስመሩ ጠፋ። አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፤
ከዚያ ወዲያ ተውነው መቁጠር።
አርባ ሺሁም፣ ፀዳለችም፣ የሐሰት ስሜም የሉ፤
ስልካችን የእጅ ባትሪ ሆነ።
ወደቡ በር ላይ ግን ሞላልኝ የሚባል ልጅ አለ፣
በሃምሳ ብር ሚሞሪ የሚሞላ፤
የእኛን ሠላሳ ሰባተኛ ላይ፣ ሳንነግረው፣ ጨመረ።

አንድ ቅዳሜ ወደ ዘጌ በጀልባ ስሻገር፣
አንዲት ሎሚ ነጋዴ፣ ከሞተሩ አጠገብ፣
ጆንያዋን አቅፋ ታንጎራጉራለች።
ዜማው የእኛ ነው። ቃሉን ግን ገልብጣዋለች፦
«ቀረሁ ብሎ መጣ፣
ቀረሁ ብሎ መጣ።»

ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ክሩን ፈለጉ።
«የማን ዘፈን ነው?» አልኳት።
«እኔ እንጃ፣» አለች፣ «የጀልባው ነው መሰለኝ።»
የእኔ ነው ልል አፌን ከፍቼ
ሁለት ሎሚ ገዝቼ ዝም አልኩ።

አሁን መስመሩ ተመልሷል።
ተከታያችን ስንት እንደቀረ ገና አላየሁም፤
ይኼነው አይቷል፣ አይናገርም።
ነገ በማለዳ፣ እዚያው ዳር፣ እንደገና ልንቀርፅ ነው፤
ቃሉን እንደ ሴትዮዋ ገልብጠነዋል፣ ትርንጎም ወዳዋለች።
አንማው ግን ከአሥጋሪዎቹ ባልዲ ተውሷል፤
ለምናልባቱ ነው ይላል፣
ሁለት ቆሮሶ ጨምሮበታል።