ገና በሐምሌ

ክሊቭላንድ ሐምሌ ነው፤ አስፋልቱ ይቀልጣል፤
ስቱዲዮው ውስጥ ግን በረዶ ይጥላል።
አንድ የፕላስቲክ ጥድ ጥጉ ላይ ተተክሏል፣
«ለስሜት ነው» ያለው ፕሮዲዩሰር ከሥሩ አንቀላፍቷል።
ማቀዝቀዣው ይጮኻል ተብሎ ጠፍቶ፣
ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣብቆ፣ ላቤ ጫማዬ ገብቶ፣
ስለ ውርጭ የሚያዜም አንድ ሟች ከፈትኩ።

ዴልበርት ሃርግሮቭ፦ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣
ዘንድሮ ነው ደግሞ የገና አልበም ማውጣቱ።
ዐሥር የቅብብል ዘፈን፣ ዐሥር ወጣት እንግዳ፤
ገሚሱ ለልጅ ልጅ፣ ገሚሱ ለቤት ዕዳ።
ሙት ወቃሽ አያርገኝ፤ ድምፁ መልካም ነበር፣
እንደ ትኩስ ዳቦ ዳር ዳሩ የሚሰበር።

ማሽኑ የስልሳ ሦስቱን ቴፕ ዋጠና ለየው፤
ቫዮሊኑን ወዲያ፣ ደወሉን ወዲህ አለው፤
መሐል ላይ እሱ ቀረ፣ ከበሮም ሳይከተለው፣
በሌሊት ኩሽና ገብቶ ለራሱ እንደሚያንጎራጉር ሰው።

ማርሎ ትባላለች የዛሬዋ ዘፋኝ፤
ስትገባ «ይቅርታ፣ ፓርኪንግ አጣሁ» አለችኝ።
እሱ ሲቀበር ገና ዳዴ ትል ነበር፤
አሁን ጆሮዋ ውስጥ ይጠይቃት ጀመር፦
«መስኮቴ ላይ ያለውን ሻማ ማን አበራው?»
«እኔ» ማለት ነው ሥራዋ። አንድ ቃል ብቻ ነው።

ግን ሙት አይጠብቅም። ብትዘገይ ያልፋታል፤
የእሷ ትንፋሽ ሲያጥር የእሱ ይቀጥላል።
ሦስቴ አመለጣት፣ ሦስቴ መለስኩላት፤
በአራተኛው ግማሽ ሰከንድ ዝምታ
ከሌላ ዘፈኑ ቆርጬ አፉ ላይ ሰፋሁላት።
ቆመላት።
«ይኸው» አለች፣ «አሁን አየኝ።»

ያኔ ነው የሰማሁት፤ ከዝምታው ማዶ፣
«እኔ» የሚል ሌላ ድምፅ፣ እንደ ጣሪያ ጠብታ ወርዶ።

ኦዴሳ ፕሪንግል። በሸክላው ልባስ ላይ ስሟ የለም፤
«ከአጃቢዎች ጋር» ይላል፤ ሌላ አይልም።
ማሽኑ አስወጥቷት ነበር፣ ለማርሎ ቦታ ሊለቅ፤
ግን ድምፅ ውኃ ነው፤ በሰው ማይክሮፎን የሚሰርግ፣ ቶሎ የማይደርቅ።

ፕሮዲዩሰሩ ነቃ። «አጥፋት» አለ፣ «ትረብሻለች።»
አጠፋሁ። ስትወጣ የእሱንም ጎን ይዛ ወጣች፤
«እኔ»ን በፋቅኩ ቁጥር «ማን» የሚለው ቀጠነ፣
ዴልበርት ሃርግሮቭ የስልክ ላይ ድምፅ ሆነ።

እሑድ ወደ አክረን ነዳሁ። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ፤
የአረጋውያን ቤት፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ የቲማቲም ችግኝ በመስኮቷ።
ለዚያ ዘፈን ዐሥራ አምስት ዶላር ከፈሏት፣
ደግሞ አንድ ቆርቆሮ ብስኩት።
ቆርቆሮው ዛሬም አለ፤ መርፌና ክር አድርጋበት።

የጆሮ ማዳመጫውን በሽበቷ ላይ ደፋሁላት።
አላለቀሰችም። ጉልበቷን በጣቷ መታ መታ እያደረገች
የድሮ ቦታዋ ሲደርስ፣ ያለ ድምፅ፣ ከንፈሯን ከፈተች።
«መቼ ነው የሚወጣው?» «ለገና።»
በጣቷ አምስት ወር ቆጠረችና
«አይ፣ ገና ነው» አለች፣ «ገና።»

ከዚያ ግንባሯ ተቋጠረ። «መልሰው እስኪ» አለች።
መለስኩት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች።
«እዚህ ጋ ቆመ። ዴልበርት እኮ ቆሞ አያውቅም፤
ስንት ምሽት ሮጬ ደረስኩበት፣ አንድ ቀን አልጠበቀኝም።
ማን ነው ያስቆመው?»

ከመስኮቱ ታች የሣር ማጨጃ ያጓራል።
ትንሽ ዘግይቼ
«እኔ» አልኩ።