ቆርጫለሁ

ከጥቁር አንበሳ ጀርባ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣
ከአይጥ ጋር ነው የማመሸው፣ ነርቭ ሳዳምጥ።
ከጠጉር የቀጠነች አንዲት ሽቦ አለች፣
ከአንድ ሕዋስ ጎን ሄዳ ጆሮ የምትጥል፤
ሕዋሱ ሲናገር፣ ድምፅ ማጉያዬ ላይ
ቆርቆሮ እንዳገኘ ጀማሪ ዝናብ
ጠብ... ጠብጠብ... ጠብ ይላል።

አሥራ አራት ቁጥር አይጥ፣ ሦስት ሳምንቱ ነው
ማንሻውን ከተወ።
ድሮ ቀን ከሌት ሲጫነው ይኖር ነበር፤
በተጫነው ቁጥር አንዲት ጠብታ መድኃኒት
በደም ሥሩ ስትፈስ፣
ዓለም ስትታደስ።
ኋላ ጠብታዋን አቆምንበት።
ተጫነ፣ ጠበቀ፣ ነከሰው፣ ተናደደ፣
ሰለቸው፣ ጥሎት ሄደ።
“ቆርጧል” ብዬ ጻፍኩ በመዝገቡ ኅዳግ፣ እንደ ቀልድ።

ወንድሜ ምንተስኖትም እንዲሁ ብሎኝ ነበር።
አምባሳደር አጠገብ፣ ስፕሪሱን እያማሰለ፣
“ትርሲትዬ፣ ቆርጫለሁ” አለ።
የጫቱን ዙርባ፣ የውርርዱን ወረቀት፣
በማያውቃቸው ልጆች እግር ላይ የሚያድር ደመወዝ፣
ሁሉን እርግፍ አድርጎ
አሥራ አንድ ወር ሙሉ እቤት ሲገባ በጊዜ፣
እናታችን ስሙን ቀስ ብላ ትጠራው ጀመር፣ ለሁለት ከፍላ፦
ምን... ተስኖት።

ከዚያ ያ ደብዳቤ መጣ።
ማኅተም አለበት፣ ቀን አለበት፣
የዶሮ ማነቂያ በራችን ላይም ቀይ ቀለም።
እናቴ ብርጭቆዎቿን በጋዜጣ ስትጠቀልል
እሱ ግድግዳውን ያያል፣ ምስማሩን፣
ካሌንደሩ ተነሥቶ የቀረውን ነጭ አራት ማዕዘን።
ያን ማታ አልመጣም።

ዛሬ ለአሥራ አራት ቁጥር ንዝረት ሰጠነው።
ጥቂት። እግሩን ለአፍታ ያስደነገጠው።
ሌላ ምንም አልነካነው፤
ጠብታ የለ፣ ሽታ የለ፣ የበራ መብራት የለ።
ጥግ ይዞ ተንቀጠቀጠ፣
ከዚያ ብድግ ብሎ
ወደ ማንሻው ሮጠ።
ድምፅ ማጉያው ላይ ዶፍ ወረደ።

“አልረሳም ነበር” አለ ዶክተር ሰይፈሚካኤል፣ መነጽሩን እየጠረገ።
“የድሮው መንገድ አይፈርስም፣ ላዩ ላይ አስፋልት ይነጠፋል እንጂ።
ፍሬኑን የያዘችው ሕዋስ ጭንቀት ሲመጣ እጇ ይዝላል፤
አስፋልቱ ተነሥቶ ኮብልስቶኑ ይታያል።
ደግሞ ልብ በይ፦
ይሄ ዝናብ የሚዘንበው ሲያገኝ አይደለም። ሲጠብቅ ነው።”

ሲጠብቅ።
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ወንድሜ ጋ ደወልኩ።
“የደወሉላቸው ደንበኛ...” አለች ሴትየዋ።
የእሷ ነርቭ አይረበሽም።

በቸርችል ሽቅብ ወጣሁ።
ውርርድ ቤቱ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን፣ ሃያ የሚሆን ወንድ፣
ሁሉም አንገቱን ሰቅሎ፣
አንዱ የኔ።
መንገዱን ሙሉ ያሰናዳሁት ምክር ነበረኝ፤
ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ጠፋብኝ።
“ቆርጫለሁ” አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።
ትኬት ይሁን ተስፋ
አልጠየቅኩትም። ሁለቱም ባንድ እጁ ይያዛል።
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ነገ ጠዋት የአሥራ አራት ቁጥር ተራ ነው፤
ምላጩ ተስሏል፣ አንጎሉ ይቆረጣል፣
ብርሃን እስኪያሳልፍ ሳስቶ፣ መንገዱ እንዲታይ።
ለዚህኛው ሽቦ የለኝም።
መዳፌን ማጅራቱ ላይ አሳረፍኩ፣
ጠብ... ጠብጠብ...
ገና የመጀመሪያው አጋማሽ ነበር።
አላባራም።
እጄንም አላነሣሁም።