የሚያበቃበት ቀን

እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሷ ከላዬ ናት፣
ቦሌ አራብሳ፣ ብሎክ መቶ አሥራ አራት።
ቧንቧዋ ሲያፈስስ ጣራዬ ይረጥባል፣
አዳር የገባች ’ለት ጠብታው ያቆማል፤
እንዲህ ነው የማውቀው መግባት መውጣቷን፣
ማንም የማይቆጥረው የሌሊት ሥራዋን።

ሲስተር ስንዱ ትባላለች።
እኔ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ፣
ጡረታና ስኳር አንድ ላይ አግኝቼ
የተቀመጥኩ ሰው ነኝ።
ጧት ጧት ጣቴን ወግታ፣
በመሣሪያዋ ላይ ቁጥሩን ተመልክታ፣
«ጋሽ ደቻሳ፣ ማታ ምን በሉ?» ትላለች።
«ሙዝ» እላለሁ።
ሁለት ነው የበላሁት፤ ይህንንም ታውቃለች።

ከፍራሿ በታች ሰማያዊ ክላሰር፣
ዲግሪዋ፣ የሥራ ልምዷ፣ የልደቷ ምስክር፣
ከወንጀል ነፃ ነሽ ያላት ፖሊስ፣ ከነአሥር ጣቷ አሻራ፣
የሳንባዋም ፎቶ፣ የጎድን አጥንቷ ተሰልፎ በተራ።
ስሟ ስንዱ፣ ዶሴዋ ስንዱ፣
ምን ያደርጋል ታዲያ፣ ወረቀቶቹ አብረው አይሄዱ።
የፖሊሱ ቃል በሦስት ወር ይፈርሳል፣
የሳንባዋ ፎቶ ስድስት ወር ይተነፍሳል፣
የእንግሊዝኛው ውጤት ሁለት ዓመት ኖሮ
ልክ ሊጠሯት ሲሉ ይሞታል ዘንድሮ።
እሷም እንደ መድኃኒት ብልቃጥ
በየጀርባቸው በእርሳስ ቀን ትጽፋለች፤
ቅዳሜ ከሰዓት አልጋዋ ላይ አስተኝታ
ራውንድ ትዞራቸዋለች።

መጀመሪያ የከለከሏት በብር ነው።
ወንድሟ ሸዋቀና ባጃጁን ሸጦላት፣
ብሩ ሃያ ስምንት ሌሊት ባንክ መተኛት ሲኖርበት
ሃያ ስድስት ተኝቶ፣ በሁለት ሌሊት ጎደለባት።

ሁለተኛው በደብዳቤ። እየተረጎመች አነበበችልኝ፣
ደረጃው ላይ ቆማ፣ ዘንቢሏን አስይዛኝ፦
«ሀገርሽ ነርስ ያንሳታል፤
ከሌላት ላይ መውሰድ ለእኛ ነውር ይሆንብናል።»
«በትሕትና ነው የጻፉት» አለች።
በዚያ ሳምንት ጤና ጣቢያው ጓንት ጨርሶ
በፌስታል ነበር ያዋለደችው።
አብራት የተመረቀችው ብርነሽ ደግሞ፣ ቅጥር የለም ተብላ፣
አያት አደባባይ ድንች ትጠብሳለች፣
ነጩን ጋወን ሽርጥ አድርጋ።

ሦስተኛው ትናንት በስልኳ መጣ።
እኔ ለሚካኤል ጧፍ ተስዬ፣
«እባክህ ሸኛት» ብዬ
ወር በገባ በአሥራ ሁለት ስማጸን የከረምኩ ሽማግሌ፣
«አልሆነም፣ ጋሽ ደቻሳ» ስትለኝ
ልቤ ምን አለች? «እሰይ!»
እሰይ አለች፣ ሌባዋ።
ጧፉ አንድ ቦታ ይነዳል፣ ሆድ ሌላ ቦታ።

ጣቴን ወጋች። ቁጥሩን አየች፦ መቶ አሥር።
«ዛሬ ጥሩ ነው» አለች።
በእሷ መራራ ቀን የእኔ ስኳር ወረደ።
ከዚያ የስትሪፑን ብልቃጥ ገልብጣ ጀርባውን አነበበች፤
ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣውም፣ ክዳኑን ገጠመች።
ከሄደች በኋላ መነጽሬን አድርጌ አየሁት፦
ቀኑ ካለፈ ሁለት ወሩ።

ማታ ጣራዬ ደርቆ አደረ።
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ካቦርቴን ደርቤ
አሻራ በሚሰጥበት በር ወረፋ ይዣለሁ፣
እሷ ከአዳር እስክትወጣ።
ሠላሳ ዓመት ሰልፍን ያየሁት ከመሪው ኋላ ሆኜ ነው፤
በር ስዘጋባቸው ፊታቸውን አላውቀውም ነበር።
ከኋላዬ የቆመው ልጅ እጁን እያፋተገ፣
«አባቴ፣ ለማን ነው?» አለኝ።
«ለላይኛው ፎቅ» አልኩት።