ሳያንኳኩ የገቡ

በቴክስታይል ማዶ፣ ከዚያ ቆርቆሮ ቤት፣
ሁለት ብር ነበረ የምንፈራበት።
ሽታሁን በሸምበቆ ቴሌቪዥኑን ሲዞር፣
ግማሹን ሲተረጉም፣ ግማሹን ሲፈጥር፣
ያ ባለ ጥቁር ካባ፣ ያ ደም መጣጭ ጌታ፣
ከሴትዮዋ ደጃፍ ቆሞ፣ በዚያ ድቅድቅ ማታ፣
ምን እንዳለ እንጃ በገዛ አፉ፣ በአገሩ፤
በሽታሁን አማርኛ ግን እንዲህ ነበር ነገሩ፦
«ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ!»
ቆርቆሮው በሳቅ ተናጋ፤ እኔንም እንባ ቀደመኝ።

«አትሳቁ» አለን፤ «ይህ ሰው ወግ ያውቃል፤
ግባ ካልተባለ ከደፍ ላይ ይቀራል።
ቁልፉ ፈቃድ ነው፤ ከእናንተው አፍ ይወጣል።»

ከዚያ ሌሊት ወዲህ እናቴ ለመንገደኛ
«ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» ስትል፣ እኔ ሳልተኛ
ጥርሱን እቆጥራለሁ፣
ሽሮ እየበላ።

ዘመን አለፈና ፊልሙ መልኩን ለወጠ፤
ዓለም አልቆ ጀመረ፣ ከተማው ገረጠ።
ባዶ አስፋልት። የቆመ አውቶቡስ። አንድ ሰው በአንድ ቤት
ጣውላ እየመታ በየመስኮት፣
የቀኑን ብርሃን በደቂቃ ሲሰፍር፤
ውጭው ሕዝብ ነው፤ ስም የለው፣ ቁጥር።

ሽታሁን ሸብቷል። ሸምበቆው ግን አለ።
የተገነጠለውን በር እየጠቆመ፣ እንዲህ አለ፦
«የማን ናቸው? የዚያው፣ የባለ ካባው ዘር።
ካባው ተሸጠ፣ ግንቡም ሆነ አፈር፤
ማዕረጉ ተረሳ፣ ቀረ ያ ወጉ፣
ጥርሱን ብቻ ወርሰው ሕዝብ እስኪሆኑ አደጉ።
የተነከሰ ይነክሳል፤ ያ ሕግ አልተሻረም፤
ፀሐይ ስትጠልቅ መቆለፍ፣ እሱም አልቀረም።
‹ቤቶች› ማለት ብቻ ጠፋ ከመሃል፤
ሳይጠሯቸው መጡ፤ በር አሁን ምን ይሆናል?»

ትናንት ከሽታሁን ጋር ጣና ዳር ቆምን።
እምቦጩ አረንጓዴ፣ ከላይ ሐምራዊ አበባ፤
ለዚህ ውኃ «ይግባ» ያለ ማን ነው? ማን ነው ያስገባ?
ወፏ? ታንኳው? እንጃ። ብቻ ገባ፣ ገባ።
ሥሩ ቁልቁል ይመጥጣል፣ ሐይቁ ነው መጠጡ፤
ፀሐይን አይፈራም፤
ፀሐይ ናት ወጡ።
ዓሣ አስጋሪው አዳሙ፣ እስከ ወገቡ ጠልቆ፣
በእጁ ይነቅላል፤ ያበቅላል ነገ ደግሞ፣ ልቆ።
ሽታሁን ሸምበቆውን ወደ ውኃው ዘረጋ፣
እንደ ድሮው ሊተረጉም፣
አፉን ከፈተ፤ ዘጋ።

ሌሊት ታንኳ ነው መሰል ዳርቻውን መታ፤
ኳ፣ ኳ። ተነሣሁ። ጆሮዬን ሰጠሁ ለአፍታ።
ባለ ካባው በሆነ ብዬ፣ ከነጥርሱ ተመኘሁ፤
«ቤቶች!» የሚል ጠላት
አንዴ እንኳ ባገኘሁ።