ምርመራ የሚለው ዓምድ

ነሐሴ ላይ ናዳው መንገዱን ሲበላ፣
አይሱዙው ታች ቆሞ ጎማው ሲላላ፣
አልዩ አምባ ላይ የተረሳው ሲራራ መጣ፤
ሙህዬ አጋሰሱን ከጓሮ አወጣ።
ስድስት በቅሎ ነው። አንድ አህያም አለ፣
ማንም ሳይጠራው ቅፍለቱን የተከተለ።
ጭነቱ ማሽላ፣ ብርቱካን፣ በርበሬ፤
ከጭነቱ ኋላ እኔና ደብተሬ።

ደብረ ብርሃን ያለው ቢሮ ሲያሰናብተኝ
"የወፍ ዋሻን አውሬ ቆጥረሽ ነይ" አለኝ።
ቅጽ ሦስትን ሰጠኝ፣ አራት ዓምድ ያለው፦
ዝርያ። ብዛት። ሰዓት። የመጨረሻው
ምርመራ ይላል፤ ጠባብ ነው፣ ጣት አያስገባም፤
እዚያ ላይ እስከ ዛሬ የጻፈ የለም።

"ያቺን ወፍ አደራ" አሉኝ አለቃዬ በር ላይ ቆመው፣
"ሦስት ዓመት ሆነ፣ ያያት የለም፤
ከኛ ደጋ በቀር አገር የላትም።"
እኔም መንገድ ሳልጀምር በልቤ ቀባኋት፦
ቢጫ ደረት ሰጠኋት፣ ቀይ ጉትዬ ደፋሁላት።

አቀበት ላይ ነው ሰው የሚተዋወቀው።
ሙህዬ ቃሉን እንደ ውሃ ቆጥቦ ነው፦
"ጅራቷን ያዢና ዝም ብለሽ ውጪ፤
መንገዱን ለሷ ተዪ፣ ቁጥሩን አንቺ አምጪ።"

አንኮበርን አልፈን ብርሃኑ ተቀየረ፤
ደኑ ሳንደርስበት ሽታው ቀድሞን ነበረ፦
የረጠበ ቅጠል፣ የበሰበሰ ግንድ፣
ኮሶ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ሽበት ያወጣ ጥድ፤
ሽበቱ ከቅርንጫፍ ቁልቁል የወረደ፣
ጉም እያበጠረው ወደ ላይ የሄደ።
ቃጭሉ እንኳ ሰጠመ፣ ድምፁ አልተመለሰም፤
ዋሻ ነው እንዳልል፣ ዋሻ እንዲህ ዝም አይልም።

የደኑ ጠባቂ ወልደየስ ከዝግባ ሥር ተነሣ፤
ግራና ቀኝ ጫማው አይተዋወቁም።
ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ቀና አልን።

ጉሬዛ፦ አሥራ አንድ። ወይስ አሥራ ሁለት?
አንዷ አራስ ናት፤ ልጇ ነጭ በነጭ ነው፣
ጥቁሩ ካባ ገና አልተሰፋለትም።
ድኩላ፦ አንድ። ጆሮው ብቻ።
ነብር፦ ዱካ።
"የትናንት ነው" አለ ወልደየስ ጭቃውን በጭራሮ ነክቶ።
አህያው ያኔ ማንም ሳይነግረው
ከበቅሎዎቹ መሃል ገባ።

ማታ አፋፉ ላይ ሰፈርን። ብርድ፣ ጓሳ፣ ጅብራ።
በማግስቱ ጭላዳ፦ መቶ ሠላሳ፣
ሣር እያጨዱ፣ እኛን ከቁብ ሳይቆጥሩ፤
የምቆጥረው እኔ ብቻ ነበርኩ።
ወፏን ግን በገደሉ ጫፍ በደረቴ ተኝቼ ጠበቅሁ፣
ዓይኔ እስኪያለቅስ። ቢጫ የለም። ቀይ የለም።
ሌላም ቀን መሸ።

በሦስተኛው ጠዋት፣ ለደብረ ሲና ሲጫን፣
ሙህዬ መጫኛውን በጥርሱ እየሳበ
"የምትፈልጊው ምንድን ነው?" አለኝ።
ሥዕሉን አሳየሁት፤ ከወረቀቱ ላይ አመድ የሚመስል ነገር።
ሳቀ። በአገጩ ወደ ኋላ ጠቆመኝ።

ከበቅሎዎቹ እግር ሥር፣ ከፋንድያው፣ ከኮሸሽላው መሃል፣
ዘጠኝ ትናንሽ ወፎች፣ አፈር የለበሱ፣
የፈሰሰ ማሽላ እየለቀሙ።
ሦስት ቀን ሙሉ ሳይረግጡኝ አልቀሩም።

"ይቺን ነው እንዴ? ይቺማ ባባቴ ጊዜ
እስከ ገበያው በር ትሸኘን ነበር።
መኪና ሲመጣ ጠፋች አልኩ እኔ።"
ቋጠሮውን አጠበቀ፤ በቅሎዋን መታ መታ አደረጋት።
"ለካ የጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ብዛት፦ ዘጠኝ። ሰዓት፦ አንድ ከሩብ።
ከሩቅ፣ ከናዳው በኩል፣ ዶዘር ያጓራል።
ጠባቡን ዓምድ አየሁት። ብዕሬ ቀዝቅዟል፤
በትንፋሼ አሞቅሁት። ከዳር እስከ ዳር፣ ከመስመሩም ወጥቼ፣
"መንገዱ ሲጠገን እንደገና ትቆጠር" ብዬ ጻፍኩ።

አህያው መንገድ ጀምሯል።