የድልድዩ ወገብ

ቁልፍ ሠሪ ነኝ እኔ፣ ኢስተን፣ ከወንዙ ዳር፤
ሱቄ የመጨረሻው፣ ከድልድዩ በር።
በዚያ ማዶ ኒው ጀርሲ፣ በዚህ ፔንስልቫኒያ፤
ዴላዌር መሃል ያልፋል ያላንዳች መለያ።
ቀረጥ ስለሌለው «ነጻው ድልድይ» ይሉታል፤
ሲያስከፍል ግን እኔ፣ ስንቴ ዓይኔ አይቶታል።

የምሸጠው ሣጥን ነው፤ ብረት፣ ባለ ሁለት ቁልፍ፤
ሽጉጥ የሚያድርበት፣ ባለቤቱ ሲያልፍ።

ሰው ምን የማይለኝ አለ፣ ባንኮኒዬን ተደግፎ፣
ስንቱን ስቴት አቋርጦ፣ ስንቱን ሕግ አልፎ።
የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሰውዬው ከዌስት ቨርጂኒያ፣
«ሃያ አንድ ከሞላህ» አለኝ፣ «ያለ ወረቀት ገበያ።»
የቬርሞንቱ ሽማግሌ ከት ብሎ ሳቀ፤
«ፈቃድ ምንድን ነው?» አለ፣ «አያቴም ሳይጠይቅ ታጠቀ።»
የሜሪላንዷ መምህርት ግን፣ አሥራ ስድስት ሰዓት ተምራ፣
ዒላማ ላይ ተኩሳ፣ አሻራ ሰጥታ፣ ደጅ ጠንታ በተራ።
ከቴክሳስ የመጣ ጎረምሳም ካርዱን ከኪሱ መዞ፣
«ይሄስ ማዶ ይሠራል?» አለኝ፣ ዓይኑ ተስፋ ይዞ።
«ማዶ ስትሻገር» አልኩት፣ «ይሄ ፕላስቲክ ነው፤
ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ፣ ሕጉ የሚለው።»

ዊልዳ ሩዲሲል ግን ሕግ አላወራችኝም።
ሣጥን ገዛች፣ ከፈለች፤ በዋጋም አልተከራከረችም።
ነርስ ናት፣ የሌሊት፤ ማዶ ያሉ አዛውንቶችን
የምታገላብጥ፣ የምትሸፍን እግራቸውን።
ባሏ ኤመሪ ሲሞት የተወላት ሁለት ነገር፦
ዕዳው ያላለቀ ጣሪያና አጭር ሽጉጥ ነበር።
አንድ ሌሊት መኪና ማቆሚያ ኮቴ ተከተላት፤
ቆመች፣ ቆመ። ሄደች፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላት።
ሸሪፉ ቢሮ ሄደች፣ ቅጽ ሞላች፣ ሃያ ዶላር ከፈለች፤
በወሩ ካርዷ ደረሰ፤ ሽጉጡን ከካፖርቷ ሥር አዋለች።

ግን ሥራዋ ማዶ ነው።
ማዶ ደግሞ ሌላ ነው፦
አራት ምስክር ይሻል፣ ሥጋ ዘመድ ያልሆነ፤
እሷን የሚያውቃት ሰው ወይ ሞቷል፣ ወይ ኑሮው ፍሎሪዳ ሆነ።
ሥልጠና፣ አሻራ፣ ሁለት መቶ ዶላር፣ ከዚያም መጠበቅ፤
ሌሊት የምትሠራ ሴት በየትኛው ቀኗ ትዝለቅ?

ቤቴ ከሱቁ ፎቅ ነው። ማታ ማታ በመስኮት
አያታለሁ፤ መኪናዋን ስታቆም፣ ሣጥኑን ስትከፍት፣
ጥይቱን ለብቻ፣ ሽጉጡን ለብቻ፣ ስትቆልፍ፣ ስትነቀንቅ፣
ከዚያ በእግሯ፣ ባዶ እጇን፣ ወደ ድልድዩ ስትዘልቅ።
ይዛው ብትነዳ ወንጀለኛ ናት ከድልድዩ ወገብ ጀምሮ፤
እዚህ ባለ ፈቃድ፣ እዚያ ባለ ካቴና፣ ስሟ በአንድ እርምጃ ተቀይሮ።

ሳቄ ይመጣል፤ ከዚያ ይጠፋል።
ካርዱን ያወጣችው
በጨለማ፣ ብቻዋን፣ በእግሯ መሄድ ፈርታ ነው፤
አሁን በጨለማ፣ ብቻዋን፣ በእግሯ
የሚያስኬዳት ካርዱ ነው።
አንዳንዴ መሃል ላይ ቆም ትላለች። እጇ
ወደ ካፖርቷ ሥር ይሄዳል፤ ያጣል፤ ይመለሳል።

በረዶው የቀለጠ ሰሞን መጣች፤ «ቁልፉ ጠፋኝ» አለች።
«መቼ?» አልኳት። ጣሪያውን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች፤
«ከገና በፊት መሰለኝ።»
ሦስት ወር!
ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ በመስኮቴ ያየሁት
የተዘጋ ሣጥን ስትነቀንቅ ነበር?
መሰርሰሪያዬን አነሣሁ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀ።
ሽጉጡ እንደተኛ ነው፤ ጨርቁ እንኳ አልተነካም።
ከጎኑ የኤመሪ መነጽር፣ አንድ ክንዱ በፕላስተር የታሰረ።
«እዚህ ነበርክ?» አለች፤
ለማን እንዳለች አልጠየቅሁም።
መነጽሩን አነሣች፣ በሸሚዟ ጫፍ ወለወለች፣
«በል ቆልፈው» አለችኝ፤
«አዲስ ቁልፍም ሥራልኝ። አንድ ይበቃል።»

ወንዙ ሞልቶ ነበር።
ተሻገረች።